የወይዘሮ ራቢዓ ገመድ

ሰው ያልጻፈውን የሚያነብ፣ ዘመንን ከነሰዓቱ በእጁ የያዘ እግዚአብሔር ይህን ነገር ከእኔ አስቀድሞ ያውቀዋል። ስለዚህ የምነግራችሁ እርሱ እንዲያውቅ ሳይሆን እናንተ እንድትሰሙ ነው።

ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። በጎንደር አዲስ ዓለም፣ ተጀምሮ በቀረ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጫፍ ላይ ጥንድ ጭልፊቶች ሦስት ጫጩቶች አሳደጉ። በላቸው የተባለ የሥነ ሕይወት መምህር ይህን አይቶ ሰው አስተባበረ። ጫጩቶቹ መብረር ሲጀምሩ አስፋልት ላይ እየወደቁ የባጃጅና የውሻ ሲሳይ እንዳይሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት በተራ የሚጠብቅና የወደቀውን በካርቶን አንሥቶ የሚመልስ ሰው ያስፈልግ ነበር። በፈቃዳችን ተሰበሰብን።

መጠበቂያችን ከሕንፃው ትይዩ ያለው የወይዘሮ ራቢዓ ቤት ሰገነት ነበር። ወይዘሮ ራቢዓ ከምድር ቤቱ ጨርቅ ይሸጣሉ። ባለቤታቸው ሐጂ ዐብዱረሕማን ካረፉ ወዲህ ወደዚያ ሰገነት ከሚሰጣ ጨርቅ በቀር የሚወጣ አልነበረም። እኛ ስንመጣ ግን ወንበር አወጡ፤ ሻይ በፔርሙዝ አቀረቡ፤ ሱቃቸውን ለሠራተኛ ትተው አብረውን አንጋጠው ይውሉ ጀመር። ሰገነቱ ላይ አንድ የጨርቅ ማስጫ ገመድ ነበር። ላውርደው ወይ ብለው ሲጠይቁ በላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ አያሰጋም አላቸው።

እኔን የጠሩኝ ለዓይኔ ሳይሆን ለእጅ ጽሕፈቴ ነው። ዕድሜዬን በብራና ላይ የጻፍሁ ሰው ስለሆንሁ የዕለቱን ሁኔታ የሚይዘውን ደብተር ሰጡኝ። የአምባ ጊዮርጊስ ተወላጅ የሆነችው ጡረተኛ ነርስ ትርንጎ፣ የኔታ ዜማ ማስተማሩን ትተው የጭልፊት ጸሐፌ ትእዛዝ ሆኑ እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ፤ በልቤ ግን እኮራለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የበላቸውን ትእዛዝ፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት ቀይ ቀለም ጻፍሁት፤ አይጮኽም፤ አይጨበጨብም፤ ድንጋይ አይወረወርም። ምክንያቱንም አስረድቶን ነበር። እናቲቱ ያደነችውን ይዛ በሰማይ ላይ ትለቀዋለች፤ ልጁ በአየር ላይ መቀበልን በዚያ ይማራል። ይህን ያልተማረ፣ ወላጆቹ ሲተዉት በራብ ይሞታል።

የሚያድኑት ግን ርግብ ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለምለም ቅጠል ይዛ የተመለሰችውን፣ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ የሆነችውን ወፍ ለተማሪዎቼ ሳመሰግን ነው ያረጀሁት። ከብዶኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በቦታዬ ሌላ ሰው ባስቀመጡ ነበር።

ከዳግም ትንሣኤ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለቱ ታላላቆች መብረር ከጀመሩ አራት ቀን ሆኗቸዋል። ትርንጎ «ኋለኛው» ያለችው ትንሹ ግን ከጠርዙ አልነቃነቅ ብሎ ነበር። ትርንጎ ካርቶኑን ይዛ ከሥር መንገድ ላይ ቆማለች፤ ወይዘሮ ራቢዓ ደንበኛ መጥቶባቸው ወርደዋል። ሰገነቱ ላይ ብቻዬን ነበርሁ።

ኋለኛው ድንገት ተነሣ። አልወደቀም። ሰፋ አድርጎ ዞረና እየጮኸ ከፍ አለ። እናቱ ከቁስቋም በኩል ነጭ ርግብ በእግሯ ይዛ መጣች። ርግቢቱ አልሞተችም፤ ክንፏ ሲንቀጠቀጥ በላቸው በሰጠን የሩቅ ማያ መነጽር አየሁ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ በሁለት እጄ አጨበጨብሁ። «ተይ!» ብዬም ጮኽሁ።

እናቲቱ ደንግጣ ታጠፈች፤ ርግቢቱም ከእግሯ ወደቀች። ኋለኛው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምግቡ ወደ ወረደበት መውረድ። ቁልቁል ተወርውሮ ከገመዱ ጋር ተጋጨ። ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ርግቢቱንም ከሰገነቱ ሥር ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሞታ አገኘናት፤ እርሷንም አላዳንኋት።

ደብተሩን ገልጬ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ ኋለኛው ዛሬ በረረ፤ ምግብ ሊቀበል ሲወርድ ከሰገነቱ ገመድ ጋር ተጋጭቶ ቀኝ ክንፉ ተሰበረ። ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድ ፊደል የለም። ሐሰት ከመጻፍ እውነትን ቆርጦ መጻፍ እንደሚቀል ያን ቀን ተማርሁ።

ወይዘሮ ራቢዓ ገመዱን በቢላዋ ቆርጠው ጣሉት። ትርንጎ የወፉን ክንፍ አሰረች፤ እርሳቸው ደግሞ ሱቃቸው ውስጥ በካርቶን አስተኝተው ሥጋ እየከተፉ በወረንጦ ያጎርሱት ጀመር። በገበያው ወሬው ተሰማ። ጎረቤቶቻቸው፣ ራቢዓ በገመድ ጭልፊት ማጥመድ ጀመረች፣ ቀጥሎ የማንን ዶሮ ይሆን እያሉ ቀለዱባቸው። በላቸውም ክፉ ሳይናገር፣ ለጥንቃቄ በሚል መጠበቂያውን ወደ ሌላ ቤት አዛወረው። ወንበሮቹን ስናወርድ ወይዘሮ ራቢዓ ፔርሙዙን እንደያዙ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። እኔ ደብተሩን በብብቴ ይዤ በአጠገባቸው አለፍሁ።

በአምስተኛው ቀን ወይዘሮ ራቢዓ ቤቴ ድረስ መጡ። አልቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«የኔታ፣ ያዩት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። «ገመዱን አስቀድሜ አውርጄው ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ያጨበጨቡትን እጆች ጋቢዬ ውስጥ ሸሸግሁ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኋቸው።

አመስግነውኝ ሄዱ። በሕይወቴ ብዙ በድያለሁ፤ የገዛ ጥፋቴን በፈጣሪዬ ላይ የጫንሁት ግን በዚያች ቀን ነው። ማታ ለጸሎት ስቆም ስሙን ለመጥራት አፈርሁ።

ወፉ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ወደ ነፍስ አባቴ ሄጄ ተናዘዝሁ፤ ስግደት አዘዙኝ። ልወጣ ስል ግን፣ ሴትዮዋ ይህን ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያውቁም አልሁ። እንግዲህ ስግደቱን ከዚያ በኋላ ጀምር አሉኝ።

በማግስቱ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ጭብጨባውን፣ ጩኸቱን፣ በደጃፌ ላይ ያልሁትን። ወይዘሮ ራቢዓ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ቆይተው ሌላም አጠፉ።

«ለርግቧ አዝነው ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ለርግቧ አዝኜ ነው። በእርስዎ ላይ የሆነው ግን ፈርቼ ነው።»

«ለእኔ ብቻ ነግረውኝ ከሄዱ ገመዱ እንደ ተጻፈ ይኖራል፣ የኔታ። ደብተሩ ላይ ያለው የእኔ ገመድ ነው። እጅዎንም ይጻፉት።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አልነበረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት በአዲሱ መጠበቂያ፣ በላቸውና ትርንጎ ባሉበት፣ ወይዘሮ ራቢዓንም አስጠርቼ፣ ከቀድሞው ጽሑፍ በታች ጻፍሁ። በቀይ ቀለም አልጻፍሁትም፤ ፊደሉም አላማረም። ከዚያ ቆሜ አነበብሁት፦ በዚያች ሰዓት እናቲቱን በጭብጨባና በጩኸት ያስደነገጥኋት እኔ ወልደኢየሱስ ነኝ፤ ገመዱ ጥፋት የለበትም። በላቸው ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። ሁልጊዜ የምትቀልደው ትርንጎ ሳትስቅ፣ «ምነው ያን ዕለት ቢነግሩን?» አለች።

በላቸው ወይዘሮ ራቢዓን ይቅርታ ጠይቆ ወንበሮቹን ራሱ ተሸክሞ ወደ ሰገነታቸው መለሰ። እኔ ደብተሩን ለትርንጎ አስረክቤ ልሄድ ስል ወይዘሮ ራቢዓ ጠሩኝ።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ ተራው የእርስዎ ነው» አሉኝ። «እጅዎን ግን ከጋቢው እንዳያወጡ።»

ትርንጎ ያን ጊዜ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በነጋታው ሰገነቱ ላይ ተቀመጥሁ። ገመዱ ታስሮባቸው የነበሩት ሁለት ብረቶች ባዶአቸውን ቆመዋል። ረፋዱ ላይ እናቲቱ ርግብ ይዛ መጣች። ጋቢዬ ውስጥ እጆቼ ሲንቀሳቀሱ ተሰማኝ፤ አንዱን በአንዱ ያዝሁ። ከታላላቆቹ አንዱ ከበታችዋ ገብቶ ተገለበጠና ርግቧን በአየር ላይ ተቀበላት። ወይዘሮ ራቢዓ ሻይ ቀድተው ከፊቴ አኖሩ። ብርጭቆውን ለማንሣት እጄን ማውጣት ነበረብኝና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከነምሰሶው ይጠብቅ፤ ከጣሪያችሁ በታች ያሉትን ሁሉ በሰላም ያኑር። በእናንተ ጥፋት ሌላ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከደጃችሁ የሚመለስበት ቀን አይምጣባችሁ፤ ቢመጣም ሳይመሽ ጠርታችሁ የምትመልሱበትን አፍ ይስጣችሁ። አሜን።