ጭልፊት የመራችው አውሮፕላን

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን የበረራ ፈቃዴ ዱባይ ክሪክ ውስጥ ይስጠም፤ ዋላሂ!

አል ማምዛር ባህር ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ባለቤቴ ወይንሸት ብርቱካን ትልጣለች። የእህቷ ልጅ ኤደን ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከውሃው ማዶ ወደ ሻርጃ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ታያለች። የፓይለትነት ፈቃዷን ካወጣች ወዲህ ቤት ተቀምጣ ሥራ ስትጠብቅ ከርማ፣ አሁን አውሮፕላን ከነፓይለቱ የሚያከራይ አንድ የቻርተር ኩባንያ "ነይ" ብሏታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደውላ እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት።

"ጋሼ ካሳ፣ ቻርተር ግን ምን ይመስላል?" አለችኝ።

የሚጠየቀውን ሰው አገኘች! በዚህ ባሕረ ሰላጤ ላይ እኔን የማያውቅ ደመና የለም።

"ስሚ" አልኳት። "የጊዜ ሰሌዳ የሚባለውን ነገር እርሺው። ስልክ ይጮሃል፣ ትሮጫለሽ። ሻንጣ ትጭኛለሽ፣ ምንጣፍ ትጠርጊያለሽ፣ ከዚያ ኮፍያሽን አድርገሽ ካፒቴን ትሆኛለሽ። መንገደኛው ደግሞ ሰው ላይሆን ይችላል።"

"ሰው ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?"

"ጭልፊት! የሼኮች የአደን ጭልፊት!"

ነገርኳት። አንድ ጠዋት አርባ ጭልፊቶች ጫንኩ። ሁሉም ፓስፖርት አላቸው። ጨርቅ በተነጠፈበት ወንበር ላይ፣ ዓይናቸው በቆዳ ቆብ ተጋርዶ፣ እንደ ሚኒስትር ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ጠባቂያቸው ኢሳ "ያላ ካፒቴን፣ እንሂድ!" አለኝ። ጭጋጉ ወተት ነው፤ የክንፌ ጫፍ እንኳ አይታየኝም። ተነሳሁ። ሰማይ ላይ የበረራ መሣሪያዎቹ አንድ ባንድ ጠፉ፤ የሞተሩ ድምፅ ሳይቀር የሩቅ እንጉርጉሮ ሆነ።

"መሣሪያው ጠፍቶ?" አለች ኤደን።

"ድርግም! አንዷን ነጭ ጭልፊት ቆቧን አውልቄ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳት። ምንቃሯን ወዳዞረችበት አዞርኩ። ከጭጋጉ በላይ የአጅማን ወደብ ጀልባዎች ምሰሶ ብቻ ብቅ ብቅ ብሏል። ብርሃኑ ማር ይመስላል። የምንበር አልመሰለኝም፤ ባህሩ ነው ከሥራችን በቀስታ የሚሳበው። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታች ሆኖ በስሜ ጠራኝ። ሳርፍ አንዲት ወፍ አልባነነችም።"

ኤደን ስልኳን አነሳች። "እኔ እንዲህ ያለ ልብ የለኝም፣ ጋሼ። እምቢ ልበላቸው።"

ደነገጥኩ። ላደፋፍራት ነበር እኮ! "ቆይ፣ ጭልፊቶቹ ስልሳ ነበሩ" አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

በዚያ በረራ አስተናጋጇ ወይንሸት ነበረች። ከብርቱካኗ ቀና ሳትል፣ "አልተነሳንም" አለች።

"ማን፣ አክስቴ?"

"እኛ። በጭጋጉ የተነሳ አልተፈቀደልንም። ኢሳ ሦስቱን ወፎች ይዞ በመኪና ሄደ። ካሳን እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።"

"አንቺስ?"

"ጠበቅኩ። የዚህ ሥራ አብዛኛው መጠበቅ ነው፣ የኔ ልጅ።"

ኤደን ውሃውን አየች፣ አየች። "መጠበቁንማ ለምጄዋለሁ" ብላ ደወለች። "አዎ፣ እመጣለሁ" ስትል ሰማኋት።

"ነጯ ጭልፊትስ?" አልኳት ወይንሸትን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

አንዲት ክፋይ ብርቱካን አቀበለችኝ።

"ከእንቅልፍህ ስትነቃ 'ደረስን?' አልከኝ። ፊትህ በርቶ ነበር። 'ደረስን' አልኩህ።"