የቡችሎቹ እግር

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን ካለው ከወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሠፈር ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ከተማ ገባሁና ሱዳኖቹ ኸዋጃ የሚሉት አንድ ነጭ ሰው ቤት ውሾች እንድጠብቅ ተቀጠርኩ። ሥራው መጀመሪያ የጎረቤቴ የራሒማ ነበር፤ እሷ ግን «ውሻ ነክቼ እንዴት እሰግዳለሁ?» ብላ ለእኔ ተወችልኝ።

ውሾቹን ሳይ ክው አልኩ። ወገባቸው እንደ አግዳሚ ወንበር ረዝሞ እግራቸው ስንዝር አይሞላም። ቡችሎቹም እንደዚያው። በሽታ ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? እኛ አገር የሕፃን እግር እንዲቃና በቅቤ ይታሻል። ቅቤ ስላልነበረ በሰሊጥ ዘይት ጠዋት ጠዋት እያሸሁ፣ እግራቸውን እየሳብኩ ሰነበትኩ።

አንድ ቀን ኸዋጃው ደረሰብኝና በዚያ ስብርብር ዓረብኛው ጮኸ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እግራቸውን እያቃናሁ።»

ሳቀ። «አልታመሙም። ጉድጓድ ገብተው አውሬ እንዲያወጡ፣ አጭር አጭሩን እየመረጥን እያራባን እኛው ነን ያሳጠርናቸው። ወገቡን የሚያመውን ግን አናራባም። የእያንዳንዱን ቡችላ የአያቱን ጤና ሳይቀር አውቃለሁ።»

 ሰው ደህናውን እግር አስቦበት ያሳጥራል? ደግሞ የውሻ አያት ጤና! ከድንበር እየተጎተተ መጥቶ ደጃፉ ላይ የወደቀውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም።

አንዱን ቡችላ አንስቶ ጎኑን ዳበሰ። «የዚህ አጥንቱ ይቆጠራል፤ ወተት ጨምሪለት» አለኝ። ቀጥሎም እንደ ቀልድ፣ «ማሸቱን በማን ለመድሽው?»

«በልጄ» አልኩት። «የእሷ እግር ቀጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። ወድ ኤል ሒለው ቀብሬያት መጣሁ።»