ያለ ቀጠሮ የመጣች

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዋልጃለሁ። እጇ ቀላል ነው ይሉኛል፤ ምላሴ ግን ከባድ ነው። ጀሞ አካባቢ ባለው ጤና ጣቢያችን ጠዋት ጠዋት የእርጉዞች ወረፋ እስከ በሩ ይደርሳል፤ እኔም "ካልተቆጡ ሥራ አይሄድም" ባይ ነበርኩ።

ኦብሴ ከሀና ማርያም ወዲያ ካሉት የገበሬ ቤቶች የመጣች፣ የመጀመሪያዋን ያረገዘች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት የምትጠይቀው ሰው የላትም፤ ስለዚህ እኔን ትጠይቃለች። አንዴ ቃር አስጨነቀኝ ብላ፣ አንዴ እግሬ አበጠ ብላ ያለ ቀጠሮዋ መጣች። ሁለቴም መርምሬ ደህና ነሽ ብዬ ሸኘኋት። አርብ ዕለት ደግሞ ወገቤን ብላ ስትመጣ ትዕግሥቴ አለቀ።

"የኔ እመቤት፣ ቀጠሮሽ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ካርድሽ ላይ ተጽፏል። እዚህ የተሰለፉት ሁሉ ወገብ የላቸውም?"

ወረፋው ሳቀ። እሷም አንገቷን ደፍታ አብራ ሳቀች። እኔም በቀልዴ ደስ ብሎኝ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሐሙስ በሩ ሳይከፈት ደርሳ አገኘኋት። አስተኝቼ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረግኩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። የልጁ ልብ አይሰማም። አልትራሳውንድ ክፍል ወሰድኳት፤ እዚያም ያው ነው።

"መንቀሳቀስ ያቆመው መቼ ነው?"

"ማክሰኞ ጠዋት።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመጣሽም?" ድምፄ እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ ነበር።

"ቀጠሮዬ ዛሬ ነዋ፣ ሲስተር" አለች። "እንዳይቆጡኝ ፈርቼ።"

ወደ ሆስፒታል ስትላክ አብሬያት ሄድኩ። በማግስቱ ከሰዓት ወለደች፤ ሴት ነበረች። እጄን ይዛ ስታምጥ አንዴም አልጮኸችም። "ጩኺ የኔ ልጅ፣ ማንም አይቆጣሽም" አልኳት። ይህን ማለት የነበረብኝ ያለፈው አርብ ነበር።

ባሏ ለሊሳ ገብቶ ግንባሯን ሳማት። "ጸጥ ሲልብሽ ምነው ሳትነግሪኝ?" አላት ቀስ ብሎ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ኦብሴ ቀደመችኝ።

"አላስተዋልኩም" አለችው።

ለሊሳ ወደ እኔ ዞሮ በሁለት እጁ እጄን ያዘ። "እርስዎ ባይኖሩላት ምን ይውጣት ነበር፣ ሲስተር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"አብሮ ይስጠን" አልኩት። ዛሬም የሚያስለቅሰኝ ይሄ መልሴ ነው።