በሄይል ምትክ የመጣው ሰው

ዴዝመንድ ሄይል ተለውጦ የሄደ ዕለት ኦርቪል ዜሊንስኪ ምሳው አልተበላለትም። ሄይል የሰፈሩ ልጅ ነው። ከኦርቪል ቤት ጀርባ፣ ከኢሪ ሐይቅ የሚመጣው ንፋስ በሚመታው ሜዳ ላይ ዱላ ይዞ ያደገና ኳስ ሲመታ ድምፁ ብቻ ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ልጅ ነበር። የከተማው የቤዝቦል ቡድን፣ አንጥረኞቹ የሚባሉት፣ እሱን ለሌላ ቡድን ሰጥተው በምትኩ ኤላዲዮ ፔራልታ የሚባል ዶሚኒካዊ ኳስ ወርዋሪ አመጡ።

"ልጁን ሰጥተው ሽማግሌ አመጡልን!" አለ ኦርቪል ለሚስቱ ወንድም፣ ለቼስተር።

"ሽማግሌ? ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው እኮ።"

"ለወርዋሪ ሽማግሌ ነው። እነዚህ አመራር ተብዬዎች ቀለሙን አይተው አሮጌ መኪና የሚገዙ ሰዎች ናቸው።"

እንዳለውም አልቀረ። ፔራልታ ጸደዩ ሳያልቅ ትከሻውን ይዞ ከሜዳ ወጣ። እሱን ተከትሎ አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ወገቡን እያለ ቡድኑ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ በየሳምንቱ "ቀላል ጉዳት ነው፤ በቅርቡ ይመለሳሉ" ይላል። የሚመለስ ግን የለም። ኦርቪል አንድ ቀን ብሽቅ አለና የስፖርት አድማጮች ሐሳብ የሚሰጡበት የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ደወለ።

"ሄይልን ሰጥተን ወርዋሪ አላመጣንም። የለወጥነው በራጅ ፎቶ ነው!" አለ።

አዘጋጁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቀልዱ ከተማውን አዳረሰ፤ የሰፈሩ ሥጋ ቆራጭ ሳይቀር ለራሱ ለኦርቪል መልሶ ነገረው።

ሰኔ ሲገባ የኦርቪል የራሱ ቀኝ ትከሻ እምቢ አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው ነውና ጅማቱ አልቆ ነበር። ሐኪሞች ከፍተው ጠገኑለት፤ ከዚያ በኋላ ክንዱን እንዲያፍታታ ጆሊን ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላኩት። ገና በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ አንድ ግዙፍ ሰው ግድግዳ ላይ የታሰረ ላስቲክ እየሳበ ላቡን ሲያንጠባጥብ አየ። ፔራልታ ነበር።

ኦርቪል አንገቱን ደፋ። ጆሊን ክንዱን ቀስ አድርጋ ስታነሳው ግን ሳያስበው ጮኸ።

"ኧረ በእግዚአብሔር! ልትነቅይው ነው እንዴ?"

ላስቲኩ ቆመ። "ድምፅዎን አውቀዋለሁ" አለ ፔራልታ።

"ከየት?"

"ከሬዲዮ። የራጁ ሰውዬ እርስዎ ነዎት።"

የኦርቪል ጆሮ እስኪቀላ ድረስ ጋለ። ጆሊን አንዱን አየት፣ ሌላውን አየት አደረገች።

"ባለቤቴ እንግሊዝኛ የምትለማመደው ያንን ፕሮግራም እየሰማች ነው" አለ ፔራልታ። "'ራጅ' የሚለውን ቃል የተማረችው ከእርስዎ ነው።"

"ይቅርታ" አለ ኦርቪል።

"አስቂኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም።"

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ጎን ለጎን ላስቲክ ይስቡ ጀመር። ፔራልታ "ዶን ኦርቪል" እያለ በአገሩ የአክብሮት አጠራር ይጠራዋል። መጀመሪያ ስለ ሕመም አወሩ፤ ሕመሙ ወደ ቤዝቦል ወሰዳቸው። ኦርቪል አንድ ቀን በሆዱ የከረመውን ጥያቄ ጠየቀው።

"ቡድኑ የራሱ ሐኪሞች አሉት። እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እነሱ 'ቶሎ በል' ይሉኛል። ጆሊን 'ቀስ በል' ትለኛለች።" ፔራልታ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስመጣም ያመኝ ነበር፣ ዶን ኦርቪል። ነግሬአቸዋለሁ። 'ሄይልን ሰጥተን ነው ያመጣንህ፤ ሕዝቡ ሊያይህ ይፈልጋል፣ ትንሽ ቻለው' አሉኝ።"

"ታዲያ እምቢ አትልም ነበር?"

"እርስዎ ትከሻዬን አመመኝ ብለው ግድግዳ ትተው ያውቃሉ?"

ኦርቪል ላስቲኩን ሳበ።

"ይኼ እዚሁ ይቅር" አለው ፔራልታ።

"እዚሁ ይቀራል።"

በዚያው ሰሞን ቼስተር ቢራውን ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ተቀምጠው የቡድኑን ጨዋታ በሬዲዮ ይሰሙ ጀመር። አንጥረኞቹ እንደ ልማዳቸው ይሸነፋሉ።

"ያ የራጅ ፎቶህ የት ገባ?" አለ ቼስተር። "አልጋው ላይ ተኝቶ ይሆናል!"

"ተው።"

"ምን ተው ትለኛለህ? አንተ አይደለህ እንዴ ያስጀመርከን?"

"እኔ ነኝ። አሁን ተው አልኩህ።"

ቼስተር ጨዋታው ሳያልቅ ቢራውን ሰብስቦ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ድርሽ አላለም።

ነሐሴ ሲያልቅ ቡድኑ ፔራልታን አሰናበተ። ሥራ አስኪያጁ በሬዲዮ ቀርቦ "ስለ ጉዳቱ ቀድመን የምናውቀው ነገር አልነበረም" አለ። ኦርቪል ተነሥቶ ስልኩን አነሳ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ምስጢሩ ግን የእሱ አይደለም።

"ኦርቪል! ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?" አለ አዘጋጁ፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ።

"ያንን የራጅ ቀልድ መልሼ ወስጃለሁ። ሰውዬው ያለውን ሰጥቶናል። አመራሩን ግን አልለቀቅኩም፤ መጀመሪያ ሄይልን፣ አሁን ደግሞ ፔራልታን ያሳጡን እነሱ ናቸው።"

"ምን የሰማኸው ነገር አለ እንዴ?"

"የለም" አለና ዘጋው።

ፔራልታ ወደ አገሩ ከመሄዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ጆሊን ዘንድ መጣ። ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲወጡ ከኪሱ ኳስ አወጣ።

"በግራ ይወረውራሉ?"

"በግራዬ ማንኪያም ይዤ አላውቅ።"

"እኔም እንደዚያው ነኝ። ይራቁ እስቲ።"

መኪና ማቆሚያው ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ክንዱ አገር ያስጨበጨበ ወርዋሪ በግራው ሲወረውር ኳሷ እንደ ሰከረ ሰው ተወላግዳ የጆሊን መኪና ሥር ገባች። ኦርቪል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጆሊን የክሊኒኩን መስኮት ከፍታ "እናንተ ሰዎች፣ የሠራሁትን ልታፈርሱብኝ ነው?" ብላ ጮኸች።

ፔራልታ አስፋልቱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ኳሷን ጎትቶ አወጣ። ሱሪውን አራግፎ፣ እየሳቀ፣ እንደገና ወረወረ። ኦርቪል በደህና እጁ ደረቱ ላይ ቀለባት።