ሳይሰደቡ የሰነበቱ እንግዶች

ልጄ ቢራማ ዋና ከተማችን ባማኮ ሄዶ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠረ ወዲህ እናቱን ማስተማር ይወዳል። ባለፈው ክረምት ሰባት ተማሪዎችና አንድ መምህር ከፊንላንድ ሊያመጣልን ሆነ። ሦስት ሳምንት በየቤታችን አድረው፣ አብረውን በልተው፣ ባምባራ ቋንቋችንን ሊማሩ። እሱ አንድ ቀን ቀድሞ መጣና መንደርተኛውን በአለቃው ግቢ ሰበሰበ። በዚያ ሙቀት ካልሲ አድርጓል።

«እባካችሁ፣ ስድብ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» አለ። «እነዚህ ሰዎች ጨዋታችንን አያውቁትም። ሌባ፣ ቦሎቄ በሊታ ስትሏቸው የምር ይመስላቸዋል። ከከፋቸው ይሄዳሉ፤ ሌላም አይልኩልንም።»

 እኛ አገር የትራኦሬ ዘር የጃራን ዘር ካልሰደበ ታሟል ማለት ነው። አያቶቻችን የተዋዋሉት ነው፤ የስድብ ዘመድ ይሰዳደባል እንጂ አይቀያየምም። እኔ ቴኔ ትራኦሬ ነኝ። ቤንኬ ጃራ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ በደጄ ባለፈ ቁጥር ሰድቦኝ ነው የሚያልፈው። ባሌ የሞተ ዕለት እንኳ አስከሬኑ ራስጌ ቆሞ «ተነስ አንተ ሰነፍ፣ ሥራ ሲመጣ መተኛት ልማድህ ነው!» ብሎ በእንባዬ መሀል አስቆኛል። ያን ቀን ያ ሰው ባይኖር ኖሮ እኔም አብሬ እቀበር ነበር።

«ታዲያ ምን እንበላቸው?» አለ ቤንኬ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ በሏቸው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቃ፣ አባ ቤንኬ።»

ቤንኬ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ምላሱን የተቀማ ሰው ምን ይላል?

ለእኔ የደረሰችኝ ሳይማ የምትባል ረዥም ልጅ ናት። እንግዳ ስም ሳይሰጡት አያድርምና የራሴን ስም ከነዘሬ ሰጠኋት፤ ቴኔ ትራኦሬ ሆነች። ባምባራ አንድ ዓመት ከመጽሐፍ ተምራለች። አነጋገሯ እንደተተኮሰ ልብስ ነው፤ ንጹሕ፣ ግን ገና ማንም ያልለበሰው። ዶሮ አረድኩላት። ገንፎውን በባሚያ ወጥ አቀረብኩላት፤ ጣቷን እያቃጠላት በላች። የሚደላኝን አልጋ ለቀቅኩላት። ሌሎቹም ቤቶች እንደዚሁ።

ግን መንደሩ ሌላ መንደር ሆነ። ሴቶች ጉድጓድ ውኃ ዳር ሲንጫጩ ቆይተው ሳይማ ባልዲዋን ይዛ ብቅ ስትል ኢማሙ የመጣ ያህል ጭጭ ይላሉ። ወንበር ያቀርቡላታል፣ ባልዲዋን ይቀበሏታል፣ ይመርቋታል። ቤንኬማ ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይራል።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ ቢራማ ፊቱ ጠቁሮ መጣ።

«እማዬ፣ መምህሩ ነገ ወደ ባማኮ እንመለስ አለ። ሆቴል ይገባሉ። ተማሪዎቹ ‹ሸክም ሆነንባቸዋል፣ ሰዎቹ ስናያቸው ይጨነቃሉ› ብለዋል። ዛሬ ከሰዓት በአለቃው ግቢ ይሰናበታሉ።»

ደሜ ፈላ። በዕድሜዬ ከዚህ መንደር እንግዳ ቀኑ ሳይሞላ ወጥቶ አያውቅም። ነገ መኪናው ከመጣ፣ እስከ ኮረብታው ማዶ ያለ መንደር ሁሉ «እንግዳ ያባረሩት» ይለናል። ይህ ስድብ ደግሞ የሚያስቅ ነገር የለበትም።

ሳይማን ይዤ ወደ ሺያ ዛፎቹ ሄድኩ። ሌሊቱን ነፋስ ነበርና ፍሬው መሬቱን ሞልቶታል። ሺያን ከዛፉ አንቀጥፍም፤ ራሱ ሲወድቅ ነው የምንለቅመው። ሥጋውን እዚያው እንበላለን፣ የውስጡን ፍሬ ለቅቤ እንይዛለን። ከመንደሩ በላይ ያለው ገደል ከኋላችን ጉም ለብሷል፤ ከላይ የሚወርደው ፏፏቴ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች፣ ትበላለች፣ አገጯ ላይ ይፈሳል። እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

በዚህ መሀል ቤንኬ በብስክሌቱ መጣ። ብስክሌቷ ከሩብ ሰዓት መንገድ ጩኸቷ ይሰማል። ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ «እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ» ብሎ እንደ ዳኛ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

ሳይማ ቅርጫቷን አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እማ ቴኔ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። አንቺን ይሰድባል። ሕፃናቱን ይሰድባል። ፍየሎችሽን ሳይቀር ይሰድባል። ሁሉም ይስቃል። እኔ ስወጣ ዝም ይላል። ምን ባደርግ ነው የሚሰድበኝ?»

አፈርኩ። ዕውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስሜን ሰጥቼ፣ ዘሬን ሰጥቼ፣ ዶሮ አርጄ፣ ዋናውን ነፍጌያት ኖሯል።

«ነይ ተነሽ» አልኳት። «ትራኦሬ ነሽ አይደል? እሱ እስኪጀምር ምን ያስጠብቅሻል?»

«ሽማግሌ ነው እኮ!»

«ሽማግሌነቱ ለሌላ ሰው ነው። ላንቺ ጃራ ነው።»

ቅርጫታችን እስኪሞላ አለማመድኳት። መጀመሪያ «ቦሎቄ በሊታ» ስትል ዕቃ የሰበረች ትመስል ነበር። «ይቅርታ እየጠየቅሽ አትሳደቢ!» ብዬ ጮህኩባት። ዛፉን አስሰደብኳት። ቅርጫቱን አስሰደብኳት። በመጨረሻ እኔን ሰደበችኝና አፏን በእጇ ያዘች። መረቅኋት።

ከሰዓት ግቢው ሞላ። ቤንኬ ከአለቃው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል። መምህሩ ቆሞ አመሰገነ፤ ቢራማ ተረጎመ። እጅግ በጣም፣ እጅግ በጣም አመሰገነ። ሰዉ መሬት መሬት ያያል።

ሳይማ ተነሳች።  ሄዳ ሄዳ ቤንኬ ፊት ቆመች።

«አንተ ጃራ! አንተ ቦሎቄ በሊታ! ጌታህ ትራኦሬ መሬት ተቀምጦ አንተን ማን ወንበር ላይ አወጣህ? የሰረቅከው ወንበር ነው?»

ቢራማ ራሱን ያዘ። አለቃው ምርኩዙን ጨበጠ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ስድስት ቀን ብስክሌትህ ስታናግረኝ አንተ ዝም! ከሁለታችሁ ሰው የሚባለው የቱ ነው?»

ይህችን እኔ አላስተማርኳትም። ከራሷ ናት። በባምባራ፣ ሳትደናቀፍ፣ ከገዛ ሆዷ አወጣቻት። 

ቤንኬ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ማን ነው የሰደበኝ?»

«ቴኔ ትራኦሬ!» አለች።

«አለቃ!» ብሎ ጮኸ ቤንኬ፤ እንባው በሪዙ እየወረደ ነው። «ስድስት ቀን! ይህችን ሌባ፣ ይህችን የሌባ ልጅ ስድስት ቀን ሙሉ እያየሁ ምላሴን ነከስኩ! ሆዴ አብጦ ሊገድለኝ ነበር!» ከዚያ እጇን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ራሱ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተዘረጋ። «ደግሞ ቦሎቄ የሚበላ ዘር ያንቺ ነው፤ አያትሽ ማሰሮ ውስጥ ራሱ ተቀርቅሮ ነው የሞተው!»

ግቢው ፈነዳ። በየጥጉ ተማሪዎቹ በተሰጣቸው ዘር ስድብ ወረደባቸው። አንዱ ቀይ ጢም ያለው ልጅ ሦስት አሮጊቶች ከበው ሲሰድቡት፣ ቃሉን እየጠየቀ መልሶ ይሰድባቸዋል።

መምህሩ ግራ ገብቶት ቢራማን «ምን እየተባባሉ ነው?» አለው። ቢራማ እያላበው ተረጎመ፤ ሌባ ብሏታል፣ ቦሎቄ በሊታ ብላዋለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው ሁሉም የሚስቀው?» አለ መምህሩ። «የነገውስ መኪና?»

ቤንኬ ከመሬት ሳይነሳ መለሰ። «ለዚህ ሰውዬ ንገረው። እንግዳ ይሄዳል። ስድስት ቀን እንግዳ ስላደረግናቸው ነው ሊሄዱ የተነሱት። ይህች ግን ሰድባኛለች፣ እኔም ሰድቤያታለሁ። ከቤቷ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ቢራማ ተረጎመ። ሳይማ ከወንበሩ ሳትወርድ ለመምህሯ በቋንቋቸው አንዲት አጭር ነገር አለችው። እሱም ሳቀና ቢራማን «የነገው መኪና ይቅር» ብሎት ተቀመጠ።

ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ ይህን ሁሉ ያስተማራት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ፤ ለሱ ሳይሆን ለግቢው ሁሉ፣ ብድግ ብዬ። «እኔ ቴኔ ትራኦሬ ነኝ ያስተማርኳት!»