ስምምነቱ ላውንደሪ ሲገባ

ታናሽ እህቴ ስለ አየር ንብረት ከሚደራደሩት ጋር አገር ላገር ስትዞር አስራ አንድ ዓመቷ ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሳጥብ ሃያ ሁለት ዓመቴ። እሷ ስለ ጭሱ ትከራከራለች፤ ጭሱን የማጨሰው እኔ ነኝ። እናታችን "እውነት ሁለታችሁንም እኔ ነኝ የወለድኳችሁ?" እያለች ትስቅብናለች።

ዘንድሮ ከጉባኤው ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ሆስፒታሎቻችን ውሃ በናፍጣ ማሞቅ ሊያቆሙ አገራችን ቃል ገብታለች፤ ያቺን መስመር የጻፈችው እሷ ናት። "መጀመሪያ አንድ ሆስፒታል ይሞከራል። ከሠራ ሌሎቹ ሰላሳ ሆስፒታሎች ይከተላሉ" አለችኝ።

"የትኛው ነው ዕድለኛው?"

"ያንቺው።"

"ምነው እቴ! ሌላ ሆስፒታል ጠፍቶ ነው?"

ጣሪያው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ተደረደረ፣ ውሃውን በናፍጣ የሚያፈላው ቦይለር ጠፋ። እኛም እንደ ልማዳችን ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አንሶላውን ማሽን ውስጥ ከተትን። ሦስተኛው ዙር ላይ ውሃው ለብ አለ፤ አራተኛው ላይ ጭራሽ በረዶ ሆነ። በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ አንሶላ ደግሞ ለበሽተኛ አይነጠፍም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነና ዋርዶቹ ጮሁ። ዳይሬክተሩ ወርዶ "አርብ ስድስት ሰዓት ላይ የየዋርዱ የአንሶላ መደርደሪያዎች ካልሞሉ ቦይለሩ ይለኮሳል፤ እኔም አይሠራም ብዬ እጽፋለሁ" ብሎን ሄደ። እሱ አይሠራም ካለ ሰላሳውም ቀረ ማለት ነው። ለእህቴ ስነግራት "ሰላሳውም?" እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። ብናደድባትም አንጀቴን በላችው።

ረቡዕ ከሰዓት የስብሰባ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ የአንሶላ ጋሪ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ባለሙያው አይቶታል፣ ዕቃው ምንም አልሆነም። ይኸው ፀሐይ ሲመታው ውሎ አሁን ውሃው ይፋጃል። ለምንድን ነው ንጋት ላይ የምታጥቡት?"

"አንሶላ የሚታጠበው ንጋት ላይ ነዋ! ከሰዓት ብርድ ልብስ ነው፤ እሱ ቀዝቃዛ ይበቃዋል።"

"ማን አለ?"

"ማን አለ ትለኛለች እንዴ! እንደ ወረቀትሽ በየመስመሩ ልትጨቃጨቂኝ ነው? እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ነበር!"

ከሁላችን በፊት የተቀጠረችው፣ ኮሎኔሏ የምንላት አጣቢ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ ስቀጠር ግን ከሰዓት ነበር። ያኔ የነበረው የቦይለሩ ሰውዬ ከሰዓት ታክሲ ሊነዳ 'በናታችሁ ጠዋት ጨርሱልኝ' ብሎ ለምኖን እኮ ነው የተቀየረው።"

"አሁን የት አለ?" አለች እህቴ።

"ጡረታ ከወጣ አስራ አራት ዓመቱ!"

አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። ለካ ጎህ ሳይቀድ ከአልጋችን የምንዘለው ለሰው ታክሲ ኖሯል! እኔ ችክ ያልኩ ሰው ስለሆንኩ የሳቅኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ሰዓት መቀየር ግን በሳቅ ብቻ አያልቅም። አንዷ "ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ያምጣልኝ?" አለች፤ ሌሎቹ የማታ መመለሻ አሳሰባቸው። እህቴ እስክሪብቶዋን አወጣች። ባለ ልጆቿ ጠዋት ገብታ የታጠፈውን አንሶላ ለየዋርዱ እንድታድል፣ የሆስፒታሉ ሰርቪስም ማታ እንዲጠብቀን ተዋዋልን። "ከዚያ ሁሉ አገር እናንተ ስድስታችሁ ባሳችሁ!" አለች ግንባሯን እየጠረገች።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ውሃው እስከ መጨረሻው ዙር እንደጋለ ቆየ፤ እኛም እየዘፈንን አጠብን፣ አደረቅን፣ አጠፍን።

አርብ ሦስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ላውንደሪውን ከፍቶ ሰው ሲያጣ ስልኬን አናጋው። "አድማ መታችሁ እንዴ?"

"ዶክተር፣ መደርደሪያዎቹን አይተዋል?" አልኩት አልጋዬ ላይ ተንጋልዬ።

ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ዋርዶቹ ወጣ። በር ሲከፍት ይሰማኛል። "ሞልቷል... ይሄም ሞልቷል... ኧረ ይሄም!"

ከሰዓት እህቴ ዳይሬክተሩ የጻፈውን ደብዳቤ ቅጂ ይዛ ላውንደሪው ከች አለች። "ይሠራል፤ ለሰላሳዎቹም ይቀጥል" ይላል። እልልታችን ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እሷ ግን ወረቀቱን ለኮሎኔሏ ሰጥታ ወደ ገንዳው ሄደችና ቧንቧውን ከፍታ እጇን ሰደደች።

"ተይ፣ ያቃጥልሻል!"

"ኡፍ!" ብላ እጇን መንጭቃ አወጣችው። ጣቶቿ ቀልተዋል፤ እየሳቀች ታለቅሳለች።

"አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስጽፍ" አለችኝ፣ "የጻፍኩትን አንድ ቀን እንኳ በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር።"

እጇን መልሳ ከተተችው።