በወይዘሮ ጋሮድ መስክ የጠፋው ጥርስ

ኔቪል ኬሪጅ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቤት መዋልን እስቲ ልልመደው ብሎ የዓመት እረፍቱን ወሰደ። ምነው ባልወሰደ! ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዝ አገር፣ በሳፎክ መንገዶች ላይ የትራፊክ መብራት ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና የተበላሸ ነገር ካላገኘ እጁ አያርፍም። ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ቢያጣ ያልተበላሸውን መጠገን ጀመረ። የሚስቱን የግሌኒስን የቅመም ጠርሙሶች በፊደል ተራ ደረደራቸው። የማንኪያዎቹን መሳቢያ ከምድጃው አጠገብ ነቅሎ መስኮቱ ስር ገጠመው፤ «መንገድ ይቀንስልሻል» ብሎ። ግሌኒስ ስልክ ስታወራ አጠገቧ ቆሞ ማን እንደሆነ ይጠይቃታል፣ ስትዘጋው ደግሞ ምን እንዳሏት ይጠይቃታል።

ግሌኒስ ቻይ ሴት ናት፣ ቻለችው። በቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚዘምሩት ሴቶች ሻይ ሊጠጡ በመጡ ዕለት ግን ነገሩ ከልክ አለፈ። ኔቪል መሐላቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቢጫው መብራት ለምን ቶሎ እንደሚጠፋ ያስረዳቸው ጀመር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሰዓታቸውን እያዩ፣ ኬካቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ግሌኒስ መሰላሉን አቆመች፣ ጣሪያው ስር ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ ወጣች፣ ስትወርድ ጸጉሯ የሸረሪት ድር ለብሷል። ኔቪል ከስንት ዘመን በፊት የረሳውን የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ታቅፋለች።

«ይኸውልህ፣» አለችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «እወድሃለሁ፣ ኔቪል። ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይደለም። ይሄን ይዘህ የምትውልበት መስክ ካላገኘህ፣ አንተ ጡረታ በወጣህ ማግስት እኔ ሥራ እቀጠራለሁ። እውነቴን ነው።»

ኔቪል ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እውነቱን ለመናገር እሱም ፈርቷል። የሥራ ጓደኞቹ ሸኝተውት፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ሰጥተውት፣ በማግስቱ ጫማውን አስሮ ወዴት ሊሄድ ነው? ይህን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

ጎረምሳ ሳለ የተቀበረ የድሮ ሳንቲም ፍለጋ እሑድ እሑድ መሣሪያውን ይዞ የማይረግጠው እርሻ አልነበረም። ኋላ ልጆች መጡ፣ ቀጥሎ የሚወደው መስክ ቤት ተሠራበት፣ መሣሪያውም ጣሪያ ስር ገባ። አሁን አዲስ ባትሪ ሲከትበት እንደ ድሮው ጮኸ። ጓሮ ወስዶ አንድ የቢራ ቆርኪ አወጣበት። ሰው በቆርኪ እንዲህ ይደሰታል ብዬ አላስብም ነበር፤ ኔቪል ግን ግሌኒስን ከወጥ ቤት ጠርቶ አሳያት፣ እሷም ስለ ቆርኪው አመሰገነችው።

ችግሩ መስክ ነው። በዚያ አገር ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ እርሻ መግባት ሌብነት ነው፣ ፈቃድ ደግሞ እንደ ርስት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ያገኘ ሰው ለወንድሙም አያካፍልም። በመንደሩ ዙሪያ ያለውን መሬት ሁሉ የከተማው ቆፋሪዎች ማኅበር ይዞታል። የቀረው የወይዘሮ ሂልዳ ጋሮድ መስክ ብቻ ነው። ወይዘሮ ጋሮድ ከብት አርቢ ናቸው፣ መበለት ናቸው፣ ምላሳቸው አይጣል ነው። አንድ ጊዜ ሌቦች ተደብቀው ገብተው መሬታቸውን እንደ ወንፊት በስተውት ከሄዱ ወዲህ፣ ፈቃድ ሊለምን የመጣ ሁሉ የተመለሰው በውሻ ታጅቦ ነው።

ኔቪል ግሌኒስ የጋገረችውን የሎሚ ኬክ ይዞ ሄደ። ወይዘሮ ጋሮድ በሩን በግማሽ ከፍተው ኬኩንም ሰውየውንም ከላይ እስከ ታች አዩ። ውሻቸውን ሊጠሩ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ክንድ የሚያህል፣ ሁለት እግር ያለው ወፍራም ብረት ነው፤ ታጭዶ የተኛውን ሳር የሚያገላብጠው ማሽን ጥርስ።

«የዚህ ወንድም ትናንት ተሰብሮ ትልቁ መስክ ውስጥ ቀርቷል፣» አሉት። «ነገ በማለዳ ሳሩን ከትፎ የሚያነሳው ማሽን ይመጣል። ጥርሱ አብሮ ከተከተፈ ከመኖው ጋር ላሞቼ ሆድ ይገባል። አምና በአንዲት ስባሪ ሽቦ ክሎቨር የምትባል ላሜን ቀብሬያለሁ። ጥርሱን ያገኘ ሰው መስኬን እስኪሰለቸው ይግባበት። ካላገኘህ ግን ሁለተኛ ደጄ እንዳላይህ።»

ኔቪል እግሩ መሬት አልነካ አለ። ኬኩን አስረክቦ፣ እየሮጠ ቤቱ ሄዶ መሣሪያውን አመጣ። መስኩ ዳር ቆሞ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ እጁም ድሮ እንደለመደው ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ አስተካከለ። እጁ ምንም አልረሳም። ይህን ሲያይ ኩራት ተሰማው።

ሳሩ በረድፍ በረድፍ ተጋድሟል። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ መሣሪያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አንድ ረድፍ ሄደ፣ በሌላው ተመለሰ። አንዲት ጥርት ያለች ትንሽ ድምፅ ሰማና ለጥርሱ እንደምታንስ እያወቀ መታገሥ አቃተው። ሳሩን ከነአፈሩ በሦስት ጎን ቆርጦ እንደ ክዳን ገለበጠው፣ ሲጨርስም መልሶ ከድኖ ረገጠው፤ ወግ ያለው ቆፋሪ ጉድጓድ አይተውም። ያገኘው የሴት ልብስ ቁልፍ ነበር። ቀጥሎ የጥይት እርሳስ አገኘ። ቀጥሎ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ስስ የብር ሳንቲም ወጣች፤ የንግሥት ፊት አለባት፣ አፍንጫዋ ተበልቷል። ኔቪል ሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉ ላይ አያት፣ ዓይኑም እንባ ሞላ። ምሳውን ረሳ። ጡረታውንም ረሳ።

ወደ ማታ ገደማ መስኩን አዳርሶ ጥርሱ የውሃ ሽታ ሆነበት። ወይዘሮ ጋሮድ ዘንድ ሄዶ ሳንቲሟን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረ፤ ከተገኘው ግማሹ የባለመሬቱ ነው። ከዚያም ጥርሱ መስኩ ውስጥ የለም፣ ምናልባት መንገድ ላይ ወድቆ ይሆናል አላቸው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት። አንድ ስንዝር ሳላዳምጥ አላለፍኩም ብሎ ማለላቸው። ሳንቲሟን አገላብጠው አዩ፣ በንግሥቲቱ አፍንጫ ፈገግ አሉ፣ ስለ ፈቃዱ ነገ ሳሩ ከተነሳ በኋላ እንነጋገራለን ብለው አሰናበቱት። ኔቪል እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ማዕድ ላይ ታሪኩን ለግሌኒስ ከሀ እስከ ፐ ተረከላት። ግሌኒስ አተሩን በሹካ እየሰበሰበች ስትሰማ ቆይታ፣ ያ ሁሉ መሬት ውስጥ አንድ ሚስማር እንኳ እንዴት አላገኘህም አለችው። አባቷ ገበሬ ነበሩ፤ የትኛውም ማሳ ሚስማርና የፈረስ ጫማ እንደማያጣ ታውቃለች።

ኔቪል ሳቀባት። መሣሪያው ወርቅና ብር፣ መዳብና እርሳስ ሲያገኝ ነው የሚጮኸው፤ ለተራ ብረት ግን ጆሮውን ይደፍኑታል፤ አለዚያ በሚስማር ጩኸት ሰው ያብዳል፤ ይህን የማያደርግ ቆፋሪ የለም፤ የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው፤ እሱም ማዞሪያውን ገና ከመግባቱ...

የኔቪል ሹካ አየር ላይ ቀረ።

«ጥርሱስ ከምንድን ነው የተሠራው?» አለች ግሌኒስ፣ ቀስ ብላ።

ኔቪል ቀኑን ሙሉ ብረት ሲፈልግ የዋለው፣ ለብረት ጆሮውን በደፈነ መሣሪያ ነው። ጥርሱ ላይ አሥሬ ተመላልሶበት ሊሆን ይችላል። አፉን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ ጥርሱ እውነትም መንገድ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል አለ። ቀጥሎም የሳር መክተፊያው ማሽን ምናልባት ራሱ ይለየው ይሆናል አለ። ወይዘሮ ጋሮድ ዘንድ ቢደውል እንደ ዶሮዎቻቸው ገና በጊዜ ተኝተዋል፣ ስልኩ አልተነሳም።

«አሁን የተሳሳትክ ሰው ነህ፣» አለችው ግሌኒስ። «ነገ ዝም ካልክ ግን ላም የገደልክ ሰው ትሆናለህ። የቱ ይሻልሃል?»

«መስኩን ይነፍጉኛል።»

«ይንፈጉህ።»

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሱ። ኔቪል ትናንት ሲያጎነብስ ውሎ ወገቡ ተይዟል፤ ከመኪናው የወረደው ግሌኒስ እጁን ይዛው ነው። የሳር መክተፊያው ሹፌር ኮሊን ሞተሩን አስነስቶ የመስኩ በር ላይ ደርሷል። ወይዘሮ ጋሮድ የዝናብ ካፖርት በሌሊት ልብሳቸው ላይ ደርበው ቆመዋል። ኔቪል ፊታቸው ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው፣ አንዱንም አላሳመረውም። ኮሊን ይህን ሲሰማ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ብረት ፍለጋ ወጥቶ ለብረት የሚደነቁር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህንንስ መንደሩን እስካዳርስ አወራዋለሁ አለ፤ አወራውም።

ወይዘሮ ጋሮድ አልሳቁም። ሰማዩን አዩ። ዝናብ እየመጣ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ ፈልጉ ብለው ኮሊንን ሞተር አስጠፉት።

ኔቪል ሊያጎነብስ ሞከረ፣ ወገቡ እምቢ አለ። ግሌኒስ መሣሪያውን ከእጁ ተቀበለችው። የቱን ማዞሪያ ወዴት እንደምታዞር አሳያት፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ደንግጣ ነቀለችው። መስኩ በሙሉ ያጉረመርማል አለች። ሚስማር እዚህ፣ ሚስማር እዚያ። ኔቪል አካፋውን ይዞ እያነከሰ ተከተላት፣ በየድምፁ ካልቆፈርን አላት። እሷ አልቆመችም።

«ዝም በለኝማ፣» አለች። «ሚስማሩ ቁርጥ አድርጎ ነው የሚያጉረመርመው። እኔ የምፈልገው ረዘም ያለውን ነው።»

ስንት ዓመት በመዘምራን መካከል ቆማ፣ ማን አንዲት ኖታ አስረዝሞ እንዳበላሸ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሄደች። ኔቪል በትዳራቸው ውስጥ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ዝናቡ ማንጠባጠብ ሲጀምር ከረድፎቹ በአንዱ ላይ ቆመች፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለሰች፣ መሣሪያውን ጣለችና ሳሩን በሁለት እጇ ገለጠችው። ጥርሱ ከታች ተጋድሟል፤ ሁለት እግሩን ዘርግቶ።

ግሌኒስ ጥርሱን ከራሷ በላይ አንስታ ጮኸች። ድምፅዋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሰማ አልቀረም። ጉልበቷ ጭቃ፣ ጸጉሯ ዝናብ፣ ፊቷ ሳቅ በሳቅ ነበር። ኔቪልም ወገቡን ረስቶ አብሯት ዘለለ፣ ወዲያውም ወገቡ አስታወሰው።

ወይዘሮ ጋሮድ ጥርሱን ተቀብለው ከወንድሙ ጋር አስተያዩት። ኮሊንን ሥራውን እንዲጀምር በእጃቸው ምልክት ሰጡት።

«ስህተቱን ራሱ ይዞልኝ የመጣ ቆፋሪ አንተ የመጀመሪያው ነህ፣» አሉት ለኔቪል። «ደጄ መምጣት ትችላለህ። መስኩን ግን ላገኘ ሰው ነው ያልኩት፣ ያገኘችው እሷ ናት። ፈቃዱ የእሷ ነው። ማንን ይዛ እንደምትገባ እሷ ታውቃለች፣ እኔን አያገባኝም።»

ኔቪል ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ሚስቱ ይህን ፈቃድ ምን ታደርገዋለች? መስክ የፈለገችው እሱን ከቤት ለማስወጣት ነው። መሣሪያውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛዋለች። እጁን ዘርግቶ ሊቀበላት ሲል አልለቀቀችውም።

መኪናው ውስጥ ገብተው ቁጭ አሉ። ዝናቡ መስታወቱን ሸፈነው። ኔቪል ቁልፉን ሳያዞር ቆየ።

«ፈርቼ ነበር፣ ግሌኒስ፣» አለ። «ሥራው ሲያልቅ የምሄድበት እንዳላጣ። አንቺም እንዳትሰለቺኝ። መስኩን ያን ያህል የፈለግሁት ለዚያ ነው።»

«ሰልችተኸኝ ነበር፣» አለችው። «ቤቱ የጠበበኝ በአንተ ምክንያት መስሎኝ ነበር። አሁን እዚያ ቆሜ ስጮህ ገባኝ። ልጆቹን ሳሳድግ፣ እናትህን ሳስታምም፣ ሰላሳ ዓመት ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከዚያ ቤት ያልወጣሁት እኔ ነኝ። መውጣት ያማረኝ ለካ እኔው ነኝ።»

ኔቪል ይህን በምን እንደሚጠግነው አላወቀም። ለመጀመሪያ ጊዜም ሊጠግነው አልሞከረም። እጇን ያዘ፣ ጭቃው መዳፉ ውስጥ ቀዘቀዘው።

«እኔንስ ታስገቢኛለሽ?» አላት።

ግሌኒስ ጥቂት አሰበችበት። ደጇ ድረስ ኬክ ይዞ እንደ መጣ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወገብህ ሲሻልህ ትቆፍርልኛለህ፣» አለች። «አሁን ንዳ፣ ርቦኛል።»